ከመኪናው በፊት መልካም ስም

ለመጀመሪያ ጊዜ ተበድሮ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ወጣት ደመወዝተኛ

ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ከያዘ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት በልቡ የሚመላለሰው ነገር ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከትዳርና ከቤት ቀጥሎ የሚጠራው መኪና ነው። አንዳንዱማ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መኪናውን ከሁለቱም አስቀድሞ ይጠራዋል። ይህ የሚያስፈርድ አይደለም። የሰው ልጅ በእግሩ ከመሄድ በበቅሎ፥ በበቅሎ ከመሄድ በባቡር መሄድ የሚሻለው መሆኑን ካወቀ ወዲህ፥ ለጉዞው የሚመቸውን ሲመኝ ኖሯል።

በተለይም እንደ ዱከም ባለ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ምኞት ከዐይን የሚርቅ አይደለም። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራች ከተማ ናት። ወደ ቢሾፍቱ፥ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ የሚወርደው ተሽከርካሪ በመካከሏ ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጥብስና ጥሬ ሥጋ አምሮት ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ መኪናውን ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ደርድሮ ያቆማል። በከተማይቱ ባለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሊፋን የተባሉት የቤት መኪኖች ይገጣጠሙ የነበረበት ጊዜም አለ። እንግዲህ ጧት በሚኒባስ ተጋፍቶ ሥራው የሚገባ፥ ማታም በታክሲ ሰልፍ ቆሞ የሚመለስ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ፥ ይህን ሁሉ እያየ ምነው እኔስ ቢል ምን ይደንቃል?

ነገር ግን ምኞቱ ወደ ባንክ ደጃፍ በደረሰ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፥ «ባንክ ለእኔ ያበድረኛልን?» የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ «ከዚህ ቀደም በብድር ነገር ስሜ ትንሽ ጎድፎ እንደ ሆነ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። በዱከም በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመምህራኑ መካከል፥ ዘንድሮ ከሚመረቁት የቀድሞ ተማሪዎቼም መካከል፥ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያልጠየቀኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ወደድሁ።

ባንክና መኪና ባገራችን

በአገራችን ባንክና መኪና የመጡት በአንድ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ባንክ ኦፍ አቢሲኒያ ሥራውን የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በየካቲት 1898 ዓ. ም. ነበር። የመጀመሪያይቱ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1900 ዓ. ም. ነው። ባንኩ መኪናዋን ቀደማት ማለት ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ ተበድሮ መኪና የሚገዛ ደመወዝተኛ በሐሳብም አልነበረም።

መኪናን በዱቤ መግዛት የሰፋው በአሜሪካ ነው። ታሪኩም ለእኛ ትምህርት አለው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 የራሱን አበዳሪ ድርጅት አቋቁሞ፥ ገዢው ከዋጋው ጥቂቱን አስቀድሞ እንዲከፍልና መኪናውን ይዞ እንዲሄድ፥ የቀረውን ግን በየወሩ እንዲከፍል አደረገ። ሄንሪ ፎርድ ግን ዕዳን የሚጠላ ሰው ስለ ነበር፥ በ1923 ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ይኸውም ገዢው በየሳምንቱ ጥቂት ዶላር እያስቀመጠ፥ ዋጋው ሲሞላ ብቻ መኪናውን እንዲወስድ ነው። ነገሩ እኛ ከምናውቀው ዕቁብ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣ የወጣለት አስቀድሞ ሲበላ፥ በፎርድ ዘዴ ግን ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ሕዝቡም መጠበቁን ትቶ ወደ ጄኔራል ሞተርስ አዘነበለ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ መኪና በአመዛኙ የሚሸጠው በብድር ሆነ።

ብድር ሲበዛ ደግሞ ተበዳሪውን መመዘን አስፈላጊ ሆነ። በአሜሪካ ፌርና አይዛክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1956 ያቋቋሙት ድርጅት ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ይህ ድርጅት በ1989 ለሁሉም አበዳሪዎች የሚያገለግል የነጥብ መለኪያ አወጣ። ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከ580 እስከ 669 ያለው «መካከለኛ» የሚባለው ነው። መካከለኛ ነጥብ ያለው ሰው ብድር ፈጽሞ አይከለከልም፤ ነገር ግን ወለዱ ከፍ ይልበታል፥ ቅድሚያ ክፍያውም ይበዛበታል። በትምህርት ቤት ቋንቋ እንናገር ብንል፥ ወድቆ ያልወደቀ፥ አልፎም ያላለፈ ተማሪ ነው።

የእኛ አገር መዝገብ

በእኛ አገር ባንክ ቤት ሲገባ፥ «ነጥብዎ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ ማንም አያውቀኝም ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ማዕከሉ የሚሠራበት መመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ወጥቶ ኋላም ተሻሽሏል። አበዳሪው ድርጅት ብድር ከመፍቀዱ በፊት የአመልካቹን የብድር ታሪክ ከዚህ ማዕከል ያስመጣል። በአንድ ባንክ የተበላሸ ብድር ከሌላው ባንክ ተሰውሮ ይቀራል ማለት እንግዲህ ዘመኑ ያለፈበት ተስፋ ነው።

በዚያ ታሪክ ላይ የሚታየው ዋና ነገር፥ ሰውየው ክፍያውን በቀኑ ከፍሏልን፥ ካልከፈለስ ስንት ቀን ዘግይቷል የሚለው ነው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ብድራቸውን የሚመድቡበትን ደረጃ በአምስት ከፍሎታል። ክፍያው ከ30 ቀን በታች የዘገየ ብድር ጤናማ ነው። ከ30 ቀን እስከ 90 ቀን ያልሞላው ልዩ ክትትል የሚያሻው ይባላል። ከ90 እስከ 180 ቀን ያልሞላው ከደረጃ በታች ነው። ከ180 ቀን በላይ ዘግይቶ ዓመት ግድም ያልደረሰው አጠራጣሪ ነው። ከዚያ ያለፈው እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

እንግዲህ «መካከለኛ ስም» ለሚለው የእኛ አገር ፍቺ ፈልጉልኝ ብባል፥ ሁለተኛውን ደረጃ አመለክታለሁ። አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ አንድና ሁለት ወር ዘግይቶ፥ ኋላ ግን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀማኛ አይደለም፤ ግን አበዳሪው ፊት ሲቀርብ የሚመልሰው ጥያቄ አለበት።

ከዚህም በቀር ባለፉት ዓመታት ሌላ መመዘኛ ተጨምሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. ከተጀመረ በኋላ፥ በነሐሴ 2014 ዓ. ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር በስልክ መስጠት ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ሚቹ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር አወጣ። በእነዚህ ብድሮች ተበዳሪውን የሚመዝነው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው፤ ገንዘብ እንዴት እንዳስገባ፥ እንዴት እንዳወጣ፥ የቀደመውን ብድር በስንት ቀን እንደ መለሰ አይቶ መጠኑን ይወስንለታል። ተማሪው በስልኩ ወስዶ የሚረሳው ጥቂት ብር፥ ሳያውቀው የሚጻፍ የፈተና ወረቀት መሆኑን ልብ ማለት ይገባዋል።

አንድ ባልደረባ

የምናገረው በሐሳብ ብቻ እንዳይመስል የአንድ ባልደረባዬን ነገር ላንሣ። ይህ መምህር ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቱ በታመሙ ጊዜ ከአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ገንዘብ ተበድሮ ነበር። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ደመወዙ በወረቀት ምክንያት ቆመና ክፍያው ሰባ ቀን ያህል ዘገየ። በኋላ ደመወዙ ሲለቀቅለት ሁሉንም ከነመቀጫው ከፍሎ ጨረሰ፤ ነገሩንም ረሳው።

ባለቤቱ ቢሾፍቱ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለቱ ተመካክረው መኪና ለመግዛት ወደ አንድ ባንክ በሄዱ ጊዜ፥ የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ፥

«መምህር፥ ከዚህ ቀደም የዘገዩበት ብድር አለ፤» አለችው።

«ከፍዬ ጨርሻለሁ እኮ!»

«መጨረስዎንም ያሳያል። ባይጨርሱ ኖሮ እዚህ አንነጋገርም ነበር። ግን ሰባ ቀን ሰባ ቀን ነው። ለምን እንደ ዘገየ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያምጡልኝ። ቅድሚያ ክፍያውንም ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል።»

ባልደረባችን ተቈጥቶ ወጣ። ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን፥ «እናቴን ባሳከምሁ ሌባ ተባልሁ፤» አለን። ከመካከላችን የሒሳብ መምህሩ፥ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው፥ «አንተ ልጅ፥ ሌባ ያለህ የለም። ወረቀት ምክንያት አያውቅም፤ ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ምክንያቱን አንተ ንገረው፤» አለው።

እውነቱን ነው። ባልደረባችን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደመወዙ የቆመበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ አወጣ። ከዚያም በመሥሪያ ቤቱ ካለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ጥቂት ገንዘብ ተበድሮ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ከፈለ። በዓመቱ ወደ ባንኩ ሲመለስ ፊቱ የነበረው ደመና ተገፎ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር አገኘው፤ ሒሳቡ!

ሒሳቡ ምን ይላል?

ከመስከረም 2018 ዓ. ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ፥ አዲስ ባለዲግሪ የሚጀምርበት ደመወዝ በወር 11,500 ብር ሆነ። ከዚህ ላይ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሲነሣ በእጅ የሚገባው 8,600 ብር ያህል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ፥ አሠሪው በአንድ ጊዜ ከደመወዙ የሚቈርጠው በጠቅላላው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕግ አሠሪውን የከለከለውን እኛም በገዛ ራሳችን ላይ ብንከለክለው መልካም ነው። የ8,600 ብር ሲሶ 2,870 ብር ግድም ነው።

አሁን ብድሩን እናስላ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፥ ዘመኑ 5 ዓመት ነው እንበል። በወር 2,870 ብር መክፈል የሚችል ሰው ሊበደር የሚችለው 113,000 ብር ያህል ብቻ ነው። ባልና ሚስት እኩል ደመወዝ ቢኖራቸው 226,000 ብር ይሆናል።

የመኪናውን ዋጋ ደግሞ እንመልከት። አዲስ የሆነች አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና እንኳ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠየቃለች። ለምሳሌ ያህል ዋጋው 1,500,000 ብር ይሁን፤ ባንኩም 30 በመቶ ቅድሚያ ይጠይቅ። ቅድሚያው 450,000 ብር፥ ብድሩ 1,050,000 ብር ነው። በ18 በመቶ ወለድ በ5 ዓመት ለመጨረስ በየወሩ 26,660 ብር ያህል መክፈል ያስፈልጋል። በመጨረሻ የሚከፈለው 1,600,000 ብር ግድም ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ 550,000 ብሩ ወለድ ብቻ ነው። በዚህ ላይ መድኑ፥ ጎማው፥ የዓመት ምርመራው አለ። ባንኩ የሚቀበለው በሕግ ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ሳይሆን፥ መኪናውን በሙሉ የሚሸፍነውን ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። «ወለዱ 18 በመቶ ነው፤» የሚል ቃል ብቻውን ሙሉ ነገር አይናገርም። ከላይ ያሰላሁት ወለዱ በየጊዜው በሚቀረው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ነው። አንዳንድ አበዳሪ ግን ወለዱን እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ያስበዋል። በዚህ ዐይነት ያው 1,050,000 ብር በ5 ዓመት 945,000 ብር ወለድ ያመጣል፤ የወር ክፍያውም 33,250 ብር ይሆናል። የመቶኛው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ 395,000 ብር ነው! ስለዚህ ተበዳሪ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ፥ «ስንት በመቶ?» ሳይሆን፥ «ወለዱ የሚታሰበው በምን ላይ ነው? በመጨረሻስ በጠቅላላው ስንት ብር እከፍላለሁ?» የሚል ነው።

ይህን ሒሳብ ሳያሰላ የሚፈርም ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ይመስላል።

የዋስ ነገር

ደመወዙ አልበቃ ሲል፥ ወይም ስሙ መካከለኛ ሲሆን፥ አበዳሪው ዋስ ይጠይቃል። በአገራችን ዋስ መሆን የወዳጅነት ምልክት ስለሆነ እንቢ ማለት ያሳፍራል። ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሥራ ባልደረባው ሲጠይቀው ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል። ነገር ግን የሕጉን ቃል ማወቅ ወዳጅነትን አያፈርስም።

በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1920 ዋስ ማለት ባለዕዳው ያልከፈለውን እከፍላለሁ ብሎ ግዴታ የገባ ሰው መሆኑን ይናገራል። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግልጽ መነገር እንዳለበት፥ በጽሑፍም ሆኖ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጻፈበት እንደማይጸና ይደነግጋል። በቁጥር 1933 የተጻፈው የአንድነት ዋስ የተባለው እንደ ሆነ ይብሳል፤ ገንዘብ ጠያቂው ዋናውን ባለዕዳ አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላልና። እንግዲህ «የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት የሚፈርም ሰው፥ የወዳጁን መኪና በገዛ ደመወዙ እንደ ገዛ ሊቈጠር ይችላል። መኪናውን ግን አይነዳም።

የወዳጅ ዕዳ የራስንም ስም ሊያጎድፍ ስለሚችል፥ ለማን ዋስ እንደ ሆንን፥ እስከ ስንት ብር እንደ ሆንን በማስታወሻ ደብተር ጽፎ መያዝ ይገባል። ተበዳሪውም ወዳጁን ለፊርማ ከመጥራቱ በፊት፥ «እኔ ብሞት ወይም ብታመም ይህ ሰው ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ይከፍልልኛልን?» ብሎ ኅሊናውን ይጠይቅ።

መኪናው ራሱም መያዣ ነው። ባንኩ ሊብሬውን ይይዛል፥ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ያሳግዳል። በ1990 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባለዕዳውን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የሐራጁ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪውን ባለዕዳው ይከፍላል።

የገበያው ጠባይ

በእነዚህ ዓመታት መኪና መግዛት የከበደው ደመወዝ አንሶ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ. ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ፤ ለኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ቀደም ብሎ የታክስ ቅናሽ ተደርጎላቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርና ከዚያም በላይ ደረሰ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፥ መኪናም ጭምር፥ ዋጋው አብሮ ወጣ።

ባንኮቹም ቢሆኑ እንደ ልባቸው አላበደሩም። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ሲል በነሐሴ 2015 ዓ. ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። በታኅሣሥ 2017 ዓ. ም. ወደ 18፥ በ2018 ዓ. ም. መጀመሪያም ወደ 24 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ብድር በተወሰነ መጠን ሲሰጥ ባንኩ መጀመሪያ የሚመለከተው ነጋዴውንና ላኪውን ነው፤ የመምህሩ መኪና በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ስለዚህ ብድር የተከለከለ ሰው ሁሉ ስሜ ጠፍቶ ነው ብሎ አይዘን። ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ከእርሱ ስም ይሁን ከባንኩ ካዝና ለይቶ ይወቅ።

ስለ ቅድሚያ ክፍያም አንድ ቃል ልጨምር። ከዱከም ብዙም በማይርቀው በሞጆ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ. ም. ሲከስር፥ አስቀድመው ገንዘብ የከፈሉ ደንበኞች መኪናቸውን ሳይረከቡ ቀርተዋል። ስለዚህ ያልመጣ መኪና ሲገዙ ገንዘቡን በሻጩ እጅ ከማኖር፥ መኪናው ሲደርስ የሚለቀቅበትን መንገድ በባንክ በኩል መፈለግ ብልህነት ነው።

ሌሎች መንገዶች

ባንክ ብቻውን በር አይደለም። በመሥሪያ ቤት የሚቋቋም የቁጠባና ብድር ማኅበር በአገራችን የቆየ ነው። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የተመሠረተው እንደ ሆነ ይነገራል። በእንዲህ ያለው ማኅበር ለጥቂት ጊዜ የቆጠበ አባል የቆጠበውን እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ይበደራል። ክፍያው ከደመወዙ ስለሚቈረጥ መዘግየት የለም፤ ይህም ስምን ለማደስ ከሁሉ የተሻለ መድኃኒት ነው።

ወለድ መክፈል ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ደግሞ ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት ያገኛል። በ2013 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ በዚህ ብቻ የቆመ ሲሆን፥ ሌሎች ብዙ ባንኮችም ለዚሁ መስኮት አላቸው። ሙራባሃ በሚባለው ውል ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፥ ትርፉን ገልጾ ጨምሮ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። በዚህም ቢሆን ጠቅላላው ዋጋ ስንት እንደሚደርስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤት የሌለው ሰውም ቢሆን ከብቱን፥ ሰብሉን ወይም የሥራ መሣሪያውን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ቤተ ሰቡ በገጠር ላለው ወጣት ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። ዕቁብም አለ። ዕቁብ ወለድ የለበትም፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፥ ከወጣም በኋላ እስከ መጨረሻው መጣል ግዴታ ነው።

ሊሸሹት የሚገባው አራጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ለገንዘብ ብድር ወለዱን በዓመት ከ12 በመቶ አሳልፈው እንዳይዋዋሉ ሲከለክል፥ አራጣ አበዳሪው ይህን ያህል በወር የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ባንክ የዘጋውን በር አራጣ ቢከፍተው፥ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት አይሆንም።

ምን እናድርግ?

ወደ ባልደረባችን እንመለስና፥ እርሱና ባለቤቱ ሒሳቡን ከሠሩ በኋላ መኪናውን ተዉት። በምትኩ ከማኅበሩ በተበደሩት ገንዘብና በቆጠቡት ላይ ጨምረው አንድ ያገለገለ ባጃጅ ገዙ፤ ታናሽ ወንድሙ ዱከም ውስጥ ይነዳዋል። የዕለቱ ገቢ የወሩን ክፍያ ይሸፍናል፤ ጥቂትም ይተርፋል። መምህሩ ዛሬም ጧት በእግሩ ነው የሚመጣው። «መኪና የለህም?» ሲሉት፥ «ባለሦስት እግር አለኝ፤ አራተኛውን እግር ብድሩ ሲያልቅ እጨምርለታለሁ፤» ይላል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማወጣው ምክር ይህ ነው። ገና ተማሪ ወይም አዲስ ሠራተኛ የሆነ ሰው ዛሬውኑ ሊሠራው የሚችለው መኪናን ሳይሆን ስምን ነው። ደመወዙን በአንድ ባንክ በኩል ይቀበል፤ ትንሽም ቢሆን በየወሩ ይቈጥብ። በስልክ የተወሰደችውን ጥቂት ብር እንኳ ከቀኗ በፊት ይመልስ። ከቻለ አነስተኛ ብድር ወስዶ በጊዜው ይጨርስ፤ ፈጽሞ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ለአበዳሪ የማይታወቅ መንገደኛ ነውና። ስሙ ጎድፎ ከሆነ አይደብቀው፤ አስቀድሞ ለአበዳሪው ይናገር፥ የምክንያቱን ማስረጃ ያቅርብ። በመዝገቡ ላይ ያልከፈለው ተብሎ የተጻፈ፥ ነገር ግን የከፈለው ዕዳ ካለ፥ ደረሰኙን ይዞ ወደ መዘገበው አበዳሪ ሄዶ ያሳርም። ስለዚህም ደረሰኝ አይጣል።

መኪናውን በተመለከተ ደግሞ ሦስት ነገር ይመዝን። መጀመሪያ፥ መኪናው ገንዘብ ያመጣልኛል ወይስ ይበላብኛል? ሁለተኛ፥ ደመወዜ ሦስት ወር ቢቆም ክፍያውን የምሸፍንበት ቁጠባ አለኝን? ሦስተኛ፥ ዋሴ የሚሆነው ሰው የወረቀቱን ቃል አንብቦታልን? ለሦስቱም መልካም መልስ ያለው ሰው፥ ስሙ መካከለኛም ቢሆን፥ ወደ ባንክ ሲገባ አንገቱን አይድፋ። መልስ የሌለው ግን፥ ስሙ እንደ ወተት የነጣ ቢሆን እንኳ፥ ለጊዜው በሚኒባስ ቢሄድ ይሻለዋል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሯ ትሄዳለች ይባላል። መኪና ያረጃል፥ ጎማውም ያልቃል፥ ዋጋውም ይወርዳል። በቀኑ የሚከፍል ሰው ስም ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ዋጋው የሚወጣ ንብረት ነው። ለቤትም፥ ለንግድም፥ ለልጅ ትምህርትም ሲያስፈልግ ያው ስም ያገለግላል።